ስፕሪንግ ሲገባ የጓሮ እርሻ፦ ጎመን፣ ቃሪያና ጫጩት በቨርጂኒያ አየር

ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቀን ድንገት 80 ዲግሪ ፋራናይት ይሆንና ሰው ሁሉ ጃኬቱን ጥሎ ይወጣል፣ ችግኝ የሚሸጡት ሱቆችም በራቸው ላይ ቃሪያና ቲማቲም ደርድረው ይጠብቃሉ፣ ስህተቱ የሚሰራው ያን ቀን ነው። እኔ በመጀመሪያው አመት እንደዛ ባለ ቅዳሜ 40 የቃሪያ ችግኝ መሬት አወረድኩ፣ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያሳደግኳቸው ነበሩ፣ በአራተኛው ሌሊት ውርጭ ወረደና ጠዋት ስወጣ ሁሉም የፈላ ውሃ እንደፈሰሰባቸው ጠቁረው ተኝተዋል። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደውዬ ስነግራት "ልጄ፣ ቀኑን አይተህ ነው የተከልከው? ሌሊቱ ነው እንጂ የሚታየው" አለችኝ። ከዛ ወዲህ የስፕሪንግ ስራዬን በሙሉ የማዘው በሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈውም በዛው ቅደም ተከተል ነው።

ይሄ ከዲሲ ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ ወይ ሜሪላንድ ውስጥ ግማሽ ኤከርም ሁለት ኤከርም ያለው፣ ሌላ ስራ እየሰራ ከስራ መልስና ቅዳሜ እሁድ መሬቱ ላይ መዋል ለሚፈልግ ሰው ነው። ለገበያ ለማምረት አይደለም፣ ለቤት ጎመን፣ ለቤት ቃሪያ፣ ለቤት እንቁላል ነው። ሌላ ስቴት ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ ቀኖቹን ግን በራሳችሁ አካባቢ የመጨረሻ ውርጭ ቀን ቀይሩት።

1. ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ ጠይቁ (ፌብሩዋሪ)

ጫጩት ስታዩ ልባችሁ ይደነግጣል፣ በተለይ ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ሳትይዙ አትወጡም፣ ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ካውንቲያችሁ ዞኒንግ ቢሮ (በየቦታው ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነው) ደውሉ። የምትጠይቁት ሶስት ነገር ነው፦ በኔ ቦታ ስፋት ዶሮ ይፈቀዳል ወይ፣ ስንት ይፈቀዳል፣ የዶሮ ቤቱ ከአጥሬና ከጎረቤት ምን ያህል መራቅ አለበት። አውራ ዶሮ ደግሞ ለብቻው ጠይቁ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ሴቷ ተፈቅዳ አውራው ይከለከላል፣ በጩኸቱ። ኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር) ካላችሁ ካውንቲው ቢፈቅድም እነሱ ሊከለክሉ ይችላሉ፣ የእነሱን ደንብ በጽሁፍ አንብቡት እንጂ የጎረቤትን ቃል አትመኑ።

በዚሁ ወር አፈራችሁን አስመርምሩ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኔ እምነት ግን ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያድነው እሱ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ የቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽን የሚባለው የግብርና ምክር አገልግሎት በየካውንቲው ቢሮ አለው፣ እዛ ትንሽ የካርቶን ሳጥንና ፎርም ይሰጧችኋል፣ አፈሩ ቨርጂኒያ ቴክ ላብ ይሄዳል፣ ውጤቱ ምን ያህል ኖራና ምን አይነት ማዳበሪያ እንደሚያስፈልግ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል። አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦ ከምትተክሉበት ቦታ ከ8 እስከ 10 ቦታ ላይ 6 ኢንች ያህል ቆፍራችሁ ከየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ፣ በንጹህ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉት፣ ከዛ ሳጥኑን ሙሉ። አንድ ቦታ ብቻ ወስዳችሁ አትላኩ። የአትክልት አፈር ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ከ6.0 እስከ 6.8 ቢሆን ጥሩ ነው፣ የኛ አካባቢ ቀይ ሸክላማ አፈር ግን ብዙ ጊዜ ከዛ በታች ኮምጣጣ ነው፣ ለዛ ነው ኖራ የሚጨመረው። ኖራ ቶሎ አይሰራም፣ ወራት ይፈልጋል፣ እና ዛሬ በትናችሁ ነገ ለውጥ አትጠብቁ። ያልተመረመረ አፈር ላይ በግምት ኖራ መበተንም አይሆንም፣ ከበዛ መመለሻው አስቸጋሪ ነው።

2. አፈሩ እስኪጠነፍፍ ጠብቁ (ማርች መጀመሪያ)

ሸክላማ አፈር እርጥብ ሆኖ ከተቆፈረ ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው፣ ያን አመት በሙሉ አይላላላችሁም። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ጨምቁት፣ እጃችሁን ክፈቱና በአውራ ጣታችሁ ነካ አድርጉት። ከፈረሰ ቆፍሩ፣ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ወይ ውሃ ካወጣ ወደ ቤት ተመለሱ፣ ከሶስት አራት ቀን በኋላ ሞክሩ።

ለመጀመሪያ አመት ቦታውን ትንሽ አድርጉት፣ 4 ጫማ በ8 ጫማ የሆኑ አራት መደቦች ለአንድ ቤተሰብ ጎመንና ቃሪያ በቂ ናቸው። ስፋቱ ከ4 ጫማ አይብለጥ፣ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃሉን መድረስ አለበት፣ መደብ ላይ ቆሞ መስራት የላላውን አፈር መልሶ ይጠቀጥቀዋል። ላዩ ላይ 2 ወይም 3 ኢንች ኮምፖስት አልብሱና በሹካ ዶማ ከላይኛው አፈር ጋር አዋህዱት።

ስለ ፍግ ትንሽ ልቆይ። እኛ ፍግ ስናይ ደስ ይለናል፣ ከቤት የወጣ እውቀት ነው፣ ግን እዚህ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ያልበሰለ ትኩስ ፍግ መደብ ላይ አድርጋችሁ ሰላጣና ጎመን ወዲያው አትዝሩ፣ አሜሪካ ውስጥ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ አፈር ለሚነካ ምርት ትኩስ ፍግ ከተጨመረ እስከሚለቀም ቢያንስ 120 ቀን ይላል፣ አፈር ለማይነካው 90 ቀን። ይሄ በሽታ ስለሚያመጣ ነው። ሁለተኛው የኔ መከራ ነው፣ አንድ ፈረስ ያለው ሰው በነጻ ውሰድ ብሎኝ አንድ ፒክአፕ ሙሉ የበሰለ ፍግ አምጥቼ አለበስኩ፣ ቲማቲሙ ገና ሲያድግ ጫፉ እንደ ፈርን ተጠቅልሎ ተጨማደደ፣ ባቄላውም እንደዛው። በኋላ ሳጣራ ፈረሶቹ የበሉት ድርቆሽ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም በሚገድል መድሃኒት የተረጨ ነበር፣ መድሃኒቱ በፈረሱ ሆድም በብስባሹም ውስጥ አልፎ ሳይጠፋ ይቆያል። ሰውየውም አላወቀም፣ ድርቆሹን ገዝቶ ነው። አሁን ከየትም የመጣ ፍግ ወይ ኮምፖስት ሳይፈተን መደቤ ላይ አይወጣም፦ ሶስት ኩባያ ላይ ፍጉን ከአፈር ቀላቅሉ፣ ሌላ ሶስት ኩባያ ላይ አፈር ብቻ አድርጉ፣ ሁሉም ላይ ፎሶሊያ ዝሩ፣ ሶስት ሳምንት ጠብቁ። ፍግ ያለበት ቅጠሉ ከተጠማዘዘ ያን ፍግ አትክልት ቦታ አታድርሱት። ሶስት ሳምንት ሊረዝም ይችላል፣ አንድ ሙሉ አመት ከማጣት ግን በጣም ያንሳል።

3. አጥሩ ከዘሩ ይቅደም

አጋዘን ያለበት አካባቢ አጥር ሳይኖር መዝራት ለአጋዘን መዝራት ነው። አጋዘን የሚዘልለው ስለሆነ አጥሩ ወደ 8 ጫማ ቁመት ያስፈልገዋል፣ ቦታው ትንሽ ከሆነ ትንሽ አጠር ቢልም ይሰራል ምክንያቱም ጠባብ ቦታ ውስጥ ዘሎ መግባት አይወድም። ከስር ደግሞ ጥንቸልና ግራውንድሆግ አለ፣ ግራውንድሆግ ቆፋሪ ነው፣ ለእሱ የታችኛውን ሽቦ ወደ ውጪ አጥፋችሁ 12 ኢንች ያህል መሬት ላይ አንጥፉና በአፈር ሸፍኑት፣ አጥሩ ስር መጥቶ ሲቆፍር ሽቦ ያገኛል።

ለአጥሩ ቋሚ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ። ነጻ ነው። ቢያንስ ከ3 የስራ ቀን በፊት ደውሉና የጋዝ፣ የመብራት፣ የኬብል መስመር የት እንዳለ በቀለም ምልክት ያደርጉላችኋል። የራሴ ግቢ ነው ብሎ መቆፈር የለም፣ የጋዝ መስመር በጣም ቅርብ ሊሆን ይችላል።

4. ብርድ የሚወዱትን አሁን ዝሩ (ከማርች አጋማሽ ጀምሮ)

እዚህ ጋር ብዙ ወገን ተቃራኒውን ሲሰራ አያለሁ፣ ጎመኑን ሙቀት እስኪመጣ አቆይቶ ሜይ ላይ ይዘራል፣ ከዛ ጁን ላይ ሁለት ቅጠል ሳይቆረጥ ያብብበታል። ሀበሻ ጎመን የደጋ ልጅ ነው፣ ብርድ አይፈራም፣ ሙቀት ነው የሚያባርረው። ማርች አጋማሽ ላይ አፈሩ ከጠነፈፈ ዝሩት። በግማሽ ኢንች ጥልቀት በመስመር ዝሩ፣ ሲበቅል እየመነጠራችሁ በመካከላቸው 12 ኢንች እስኪቀር ድረስ አሳሱት፣ የተነቀለውን አትጣሉ፣ ለጋ ጎመን ነው፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ ቶሎ የሚደርስ። ቀላል ውርጭ ቢያገኘው ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ከ6 ሳምንት ገደማ ጀምሮ የታች የታቹን ቅጠል እየቆረጣችሁ ብሉ፣ መሃሉን አትንኩት፣ እስከ ሰመር መግቢያ ድረስ ይሰጣችኋል።

ዘሩን በተመለከተ፣ ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ በሻንጣ ዘር ማስላክ የለመድን ብዙ ነን፣ ግን ወደ አሜሪካ የሚገባ ዘር የጤና ሰርተፊኬት ወይም ለትንሽ ዘር የሚሰጠውን የግብርና መስሪያ ቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ኤርፖርት ላይ ሳይናገሩ ይዞ መገኘት ደግሞ ቅጣት አለው። የኢትዮጵያን ጎመን ዘር እዚሁ የሚሸጡ የዘር ድርጅቶች አሉ፣ እሱን ግዙ፣ ከዛ በኋላ የራሳችሁን ዘር ትይዛላችሁ፣ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የጎመን ጠላት ሁለት ነው። አንዱ ቅጠሉን በመርፌ እንደተወጋ ወንፊት የሚያደርገው ትንሽ ጥቁር የሚዘል ጥንዚዛ ነው፣ ሌላው ነጯ ቢራቢሮ የምትጥለው አረንጓዴ ትል ነው። ለሁለቱም የምመክረው አንድ ነው፣ በዘራችሁ ቀን ሮው ከቨር የሚሉትን ስስ ነጭ ጨርቅ አልብሱና ዙሪያውን በድንጋይ ወይ በአፈር ያዙት፣ ብርሃንና ዝናብ ያሳልፋል፣ ነፍሳት አያስገባም። ካበቀለ በኋላ መሸፈን ጥቅሙ ግማሽ ነው፣ ጥንዚዛው ውስጥ ከገባ በኋላ ዘጋችሁበት ማለት ነው።

ከጎመን ጋር አብሮ በዚሁ ሰአት ባቄላ ዝሩ፣ የእሸት ባቄላ። ይሄኛው ይበልጥ ቸኳይ ነው፣ አፈሩ እንደተቻለ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ቢሆን፣ ምክንያቱም ሙቀት ከበዛ አበባው ይረግፋል። አተርም እንደዚሁ። ድንች ማርች መጨረሻ፣ ሁለት ሁለት አይን እንዲኖረው ቆርጣችሁ ቁስሉ ሁለት ቀን ይድረቅ፣ 4 ኢንች ጥልቀት 12 ኢንች ርቀት፣ ሲያድግ አፈር ማስታቀፍ። ነጭ ሽንኩርት ካልተከላችሁ ለዘንድሮ አልፏል፣ እሱ በፎል፣ ኦክቶበር ላይ ነው የሚተከለው፣ ካላንደር ላይ ጻፉት።

5. ቃሪያውን ቤት ውስጥ አሳድጉ

ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ቲማቲም ቤት ውስጥ ይጀመራሉ። ቃሪያ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቤት ውስጥ ስለሚፈልግ ማርች መጀመሪያ ላይ ዝሩ፣ ቲማቲም 6 ሳምንት ይበቃዋል፣ ማርች መጨረሻ። የቃሪያ ዘር የሚበቅለው አፈሩ ሞቅ ሲል ነው፣ ከ75 እስከ 85 ዲግሪ፣ ቤታችሁ 68 ከሆነ በጣም ይዘገያል፣ ስለዚህ የዘር ማሞቂያ ምንጣፍ ግዙ ወይም ፍሪጅ ላይ አስቀምጡት፣ ሲበቅል ግን ወዲያው ወደ ብርሃን። መስኮት አይበቃም! ችግኙ ወደ መስኮቱ እየተንጠራራ ይቀጥናል ከዛ ይወድቃል። ተራ ረጅም የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ 2 ወይ 3 ኢንች ከፍ አድርጋችሁ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰአት አብሩላቸው።

ወደ ውጪ ከመውጣታቸው በፊት ሳምንት ሙሉ አለማምዷቸው፣ የመጀመሪያ ቀን ጥላ ስር አንድ ሰአት፣ በማግስቱ ሁለት፣ ቀስ እያላችሁ ፀሀይ ጨምሩ። በቀጥታ ፀሀይ ላይ የወጣ የቤት ችግኝ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ይሄ ሳምንት አሰልቺ ነው፣ ጠዋት ከስራ በፊት ማውጣት ማታ ማስገባት፣ አንድ ትሪ ላይ ካደረጋችኋቸው ይቀላል።

6. ጫጩት (ከማርች እስከ ኤፕሪል)

ጫጩት ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ሞቆ ይጠብቅ። ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ወይ ገንዳ፣ ከስር የጥድ እንጨት ፍቅፋቂ (ሴዳር የሚባለውን አትጠቀሙ፣ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል)፣ ለመጀመሪያ ሁለት ቀን ከላዩ የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፉ እግራቸው እንዳይንሸራተት። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት 95 ዲግሪ ፋራናይት፣ ከዛ በየሳምንቱ 5 ዲግሪ መቀነስ ነው። ቴርሞሜትር ቢኖራችሁም ጫጩቶቹን እዩ፦ ማሞቂያው ስር ተደራርበው ከጮሁ በርዷቸዋል፣ ጥግ ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው እየጫሩ ከሆነ ልክ ነው። ቀይ የሙቀት አምፖል ርካሽ ነው ግን በየአመቱ ጋራዥና ቤት ያቃጥላል፣ እኔ እንደ እናት ዶሮ ክንፍ ስሩ የሚገቡበትን የማሞቂያ ጠረጴዛ ነው የምመክረው፣ ዋጋው ይበልጣል፣ ማታ ተኝታችሁ ታድራላችሁ።

በፖስታ ቢመጡላችሁ አትደንግጡ፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአንድ ቀን ጫጩት ከ1918 ጀምሮ ያጓጉዛል፣ ጫጩት ሲፈለፈል ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል እስከ 72 ሰአት ያህል ሳይበላ ይቆያል። ሲደርሱ ግን መጀመሪያ ውሃ ነው፣ እያንዳንዷን አንስታችሁ ምንቃሯን ውሃው ውስጥ ነከር አድርጉ፣ አንዷ ከጠጣች ሌሎቹ ይከተላሉ። ከዛ መኖ፣ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ። የእንቁላል ጣይ መኖ አትስጧቸው፣ ካልሲየሙ ለጫጩት ኩላሊት ይበዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያረቡ አምፕሮሊየም የሚባል መድሃኒት ያለበትን መኖ እመክራለሁ፣ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ጫጩት ቶሎ ይጨርሳል፣ ጫጩቶቹ ለሱ ተከትበው ከመጡ ግን መድሃኒት የሌለበትን ስጡ። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ኋላቸውን እዩ፣ ኩስ ደርቆ ከዘጋው በለብ ያለ ውሃና ጨርቅ አርጥባችሁ አስለቅቁት፣ አትጎትቱት፣ ዝም ካላችሁት ጫጩቷ ትሞታለች። ልጆች ከነኳቸው በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ፊታቸው ላይ አድርገው አይሳሙ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስንት ልግዛ ለሚለው፣ ለአምስት ሰው ቤት 6 ቄብ በቂ ነው። ሲገዙ "ፑሌት" የተባለው ሴት መሆኑ የተለየ ነው፣ "ስትሬት ረን" የሚለው ሳይለይ ነው፣ ግማሹ አውራ ሊሆን ይችላል፣ አውራ የማይፈቀድበት ቦታ ካላችሁ እሱን አትግዙ።

አውራ ከተፈቀደላችሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዶሮ የምናስበው ለፋሲካ ነው፣ በስፕሪንግ የተገዛ ጫጩት ግን ለዚያው ፋሲካ አይደርስም። ማርች ላይ የገዛችሁት አውራ 5 ወር ተኩል ገደማ ሆኖት የሚደርሰው ለእንቁጣጣሽ ነው፣ ሴፕቴምበር 11፣ በትክክል ይገጥማል። በ8 ሳምንት የሚደርሰውን ነጩን የስጋ ዶሮ ለዶሮ ወጥ አልመክርም፣ ስጋው ለስላሳ ስለሆነ ሽንኩርቱ ሳይበስል እሱ ይፈርሳል፣ አስራ ሁለቱ ብልት ድስት ውስጥ ቅርጹን ይዞ እንዲወጣ ቀስ ብሎ ያደገ ዝርያ ይዛችሁ ጠብቁ።

በ6 ሳምንት ላባቸው ሲሞላ ወደ ውጪ ቤታቸው ይወጣሉ። የቤቱ ስፋት ለአንድ ዶሮ ውስጥ 4 ካሬ ጫማ፣ ውጪ መንቀሳቀሻ 10 ካሬ ጫማ ነው፣ ለ6 ዶሮ 24ና 60 ማለት ነው። ቆጥ ለእያንዳንዷ ከ8 እስከ 10 ኢንች። አናቱ ላይ አየር መውጫ ይኑረው፣ ዶሮን ከብርድ በላይ የሚያሳምመው የታፈነ እርጥበት ነው። ሽቦውን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ "ቺክን ዋየር" ብለው የሚሸጡት ባለ ስድስት ጎን ሽቦ ዶሮን እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ ራኩንን አያስቆምም፣ በእጁ ይቀደዋል። ግማሽ ኢንች ቀዳዳ ያለውን ጠንካራ ሃርድዌር ክሎዝ ነው የምትጠቀሙት፣ መስኮቱንም ጨምሮ። የበሩ መቆለፊያም ራኩን ቀላሉን ይከፍታልና ካራቢነር የሚባለውን የብረት ማያያዣ ጨምሩበት። ላዩን መሸፈንም አለ፣ ለጭልፊት። ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የወፍ ጉንፋን ብዙ ዶሮ ስለጨረሰ መኖና ውሃቸው የዱር ወፍ በማይደርስበት፣ ጣራ ስር ይሁን።

7. ዶሮ ቀድሞ ያላችሁ፦ የዐቢይ ጾም እንቁላል

ዶሮ የምትጥለው በብርሃን ነው፣ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ዊንተር ላይ ያቆመችው ሁሉ ይጀምራል፣ ስፕሪንግ ላይ አንዷ በሳምንት 5 እንቁላል ብትጥል 6 ዶሮ በ8 ሳምንት 240 እንቁላል ነው፣ ያ ደግሞ 55 ቀኑን የምንጾምበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ አመት ቤቴ እንቁላል በእንቁላል ሆነ፣ ልጆች ብቻ በልተው አይጨርሱትም። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንታት እንቁላል ለጎረቤትና ለመስሪያ ቤት ሰው እሰጣለሁ፣ ለፋሲካ የሚሆነውን ከበዓሉ ሶስት ሳምንት በፊት መሰብሰብ እጀምራለሁ።

ንጹህ እንቁላል አታጥቡ፣ ላዩ ላይ በአይን የማይታይ መከላከያ ሽፋን አለው፣ ከታጠበ ይለቃል፣ የታጠበ እንቁላል ፍሪጅ የግድ ነው። ትንሽ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ በጣም የቆሸሸውን አጥባችሁ ቀድማችሁ ተጠቀሙ። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ ካርቶኑ ላይ ቀን ጻፉ፣ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ያለ ሃሳብ ይቆያል። ለዶሮ ወጥ ደግሞ የቆየው ነው የሚሻለው! ትናንት የተጣለ እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ ነጩ ከልጣጩ ጋር ይቦጨቃል፣ ሁለት ሳምንት የቆየው ግን ልጥ ብሎ ይወጣል፣ የዶሮው እንቁላል ያምራል። ባለቤቴ ይሄን ካየች ወዲህ የፋሲካውን ካርቶን ሰው እንዲነካባት አትፈልግም።

8. ሌሊቱ 55 ሲሆን (ሜይ አጋማሽ)

አሁን ቃሪያው። የኛ አካባቢ የመጨረሻ ውርጭ እንደ ቦታው ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው፣ ሸለቆ ውስጥ ያለ ግቢ ከኮረብታው ይዘገያል፣ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ። እዚህ ያሉ ገበሬዎች የእናቶች ቀንን፣ የሜይን ሁለተኛ እሁድ፣ እንደ ምልክት ይይዛሉ፣ እኔ እሱንም እይዛለሁ ግን የ10 ቀን የአየር ትንበያ ከፍቼ የሌሊቱን ቁጥር ብቻ አያለሁ። ሌሊቱ ሳይቋረጥ ከ55 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቃሪያና በሶብላ ይውጡ፣ ለቲማቲም 50 ይበቃል። ቃሪያ በ50 ዲግሪ ሌሊት አይሞትም ግን ደንዝዞ ማደጉን ያቆማል፣ ሶስት ሳምንት ቆይቶ የተተከለው ቀድሞት ያፈራል፣ ይሄን በአይኔ አይቻለሁ።

በመካከላቸው 18 ኢንች፣ ማታ ወይ ደመናማ ቀን ላይ መትከል፣ ውሃ በደንብ ማጠጣት፣ ከዛ ገለባ መጎዝጎዝ። ድርቆሽ አትጎዝጉዙ፣ ሙሉ የሳር ዘር ነው፣ በዛ ላይ ቅድም ያልኩት መድሃኒት አለ። ውሃ በሳምንት አንድ ኢንች ያህል፣ ዝናቡን ቆጥራችሁ፣ በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ በሳምንት ሁለቴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ስሩን ወደ ታች ያወርደዋል።

ከተከላችሁ በኋላ ድንገት ውርጭ ከተነገረ ከመምሸቱ በፊት አፈሩን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል፣ ከዛ አሮጌ አንሶላ እስከ መሬት አልብሱ፣ ጠዋት ፀሀይ ስትወጣ አንሱ። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ጨርቅ።

ዊንተሩን ቤት ያሳለፉት ጌሾ፣ ኮሰረትና ጤና አዳምም አሁን ይወጣሉ፣ ከነማሰሯቸው። ጌሾን መሬት ላይ አትትከሉት፣ የኛን ዊንተር ውጪ አይችለውም፣ ትልቅ ማሰሮ ላይ ይደግ። ሲወጡ እንደ ቃሪያው ሳምንት ጥላ ስር ይለማመዱ።

አንድ ነገር ከኤፕሪል ጀምሮ እስከ ፎል አትርሱ፣ መዥገር። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈዋ በጣም ትንሽ ናት። ሳር ውስጥ ስትገቡ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ስትመለሱ ልብሱን መጀመሪያ ሳታጥቡ ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሩት፣ በሁለት ሰአት ውስጥ ሻወር ውሰዱ፣ የልጆችን ጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጉልበት ኋላ እዩ። ከተገኘች በጠባብ ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ክብሪት ወይ ቅባት አይደረግም። ከዛ በኋላ ሽፍታ ወይ ትኩሳት ከመጣ ሀኪም ጋር።

9. የጎመኑን ዘር ያዙ

ሜይ መጨረሻ ወይ ጁን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጎመኑ ቀጥ ብሎ ቢጫ አበባ ያወጣል። አብዛኛውን ነቅላችሁ ለዶሮዎቹ ጣሉላቸው፣ አምስት ስድስት ያህል ግን ተዉ፣ ቀድመው ያበቡትን ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያበቡትን፣ ምክንያቱም ዘግይቶ የሚያብበው ነው ረዘም ላለ ጊዜ ቅጠል የሚሰጠው፣ ልጁም እንደዛው ይሆናል። ላዩ ከከበደው በእንጨት ደግፉት። ፍሬ መያዣው ቢጫ ሆኖ ቡኒ ሲጀምር፣ ፈንድቶ ከመርገፉ በፊት፣ ጠዋት ጤዛ እያለ ቆርጣችሁ ትልቅ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ዝቅዝቅ አድርጋችሁ ጋራዥ ውስጥ ስቀሉ። ሁለት ሳምንት ሲደርቅ ከረጢቱን ምቱት፣ ዘሩ ከስር ይጠራቀማል፣ በወንፊት አበጥሩና በፖስታ አድርጋችሁ አመቱን ጻፉበት፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 አመት ያህል ይበቅላል። እኔ የዘንድሮውን ሶስት ፖስታ አድርጌዋለሁ፣ አንዱ ለማርች፣ አንዱ መጠባበቂያ፣ አንዱ ዉድብሪጅ ላለችው እህቴ፣ እሷም መደቧን ጀምራለች።